የወይዘሮ አስካለ ሰላጣ ለምን አልያዘም?

አዳማ ላይ፣ አትክልት ያለ አፈር የሚበቅልበት ዕቃ ገጣሚ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ አቶ ግርማ አንድ መመሪያ ብቻ ሰጡኝ። «ለደንበኛ ፓምፕ ያለውን አሳይ። ርካሹን ባልዲ ጓሮ ደብቀው።»

ከዚያ በፊት ቧንቧ ሠራተኛ ነበርኩ። ፓምፕ መብራት ሲጠፋ እንደሚቆም ነገርኳቸው። ማን ይሰማኛል!

የመጀመሪያ ደንበኛዬ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ ወይዘሮ አስካለ ነበሩ። ግቢያቸውን ለቀው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከገቡ ወዲህ የቀረቻቸው በረንዳ ናት። «ልጄ ዘግቶ ዕቃ ቤት ሊያደርጋት ነው። አንድ ነገር ካበቀልኩባት ይተዋታል» አሉኝ።

ችግኝ የሚደረደርበትን ባለፓምፕ ቧንቧ ገጠምኩ። ፓምፑ ውሃውን እየገፋ በሰላጣው ሥሮች ግርጌ በስሱ ያሳልፈዋል። ያምራል። በሳምንቱ መብራት ከጠዋት እስከ ማታ ጠፋ፤ በአዳማ ፀሐይ! ቧንቧው ውስጥ የሚቆይ ውሃ ስለሌለ ሰላጣው ደርቆ ጠበቀኝ።

ቀጥሎ ሳጥን ውሃ ሞልቼ ችግኞቹን በተበሳ ፎም ላይ አንሳፈፍኩ። ውሃው አይጎድልም፤ ግን አየር የሚነፋለት መሣሪያም ያው መብራት ይፈልጋል። መብራቱ ሲጠፋ ሥሩ በሙቀቱ በሰበሰ። አቶ ግርማ «ሴትዮዋ አያያዝ አያውቁም» አሉ። ደሜ ፈላ።

ልጃቸውም መረረው። «እማዬ፣ ይሄ የመጨረሻው ነው» አለ።

የደበቅነውን ባልዲ ይዤ ሄድኩ። ከታች ማዳበሪያ የተበጠበጠበት ውሃ፣ ከላይ ችግኝ፤ መካከል ላይ ውሃውን ወደ ላይ የሚስብ የጥጥ ገመድ። ፓምፕ የለ፣ መብራት የለ።

እሱም ጠወለገ! ገመዱን ስፈትሽ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጫልቱ ገቡ። ወይዘሮ አስካለ ተነስተው ችግኙን ከነሥሩ መዘዙና «እዪልኝማ፣ አፈር የሚባል የለውም!» አሏቸው።

«እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ታዲያ የመጣን ሰው ሳላሳይ ልሸኝ?»

«በቀን ስንቴ ይነቅሉታል?»

«እንደ እንግዳው ነዋ።»

ልጮህ ምንም አልቀረኝም። አዲስ ችግኝ ተከልኩና አንዷን ብቻ ሥሯ እንዲታይ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ አቆምኳት። «ይቺ የእንግዳ ናት። የቀሩትን እንዳይነኩብኝ።»

ልጃቸው በረንዳውን ሊለካ ሜትር ይዞ የመጣ ዕለት ሰላጣው ለምሳ ቀረበለት። በላ። ሜትሩን ሳይዘረጋ ይዞት ሄደ።

አሁን ደንበኛ ቤት ስገባ የትኛው ዘዴ ይሻላል ብዬ አልጀምርም። መብራት ስንቴ እንደሚጠፋ እጠይቃለሁ፤ ቀጥዬም እንግዳ ይበዛ እንደሆነ።