በመጨረሻ የተመረጠው አስተማሪ

ሞባይል ሳይገባ፣ መካነ ሰላም የከብት ደላላ ነበርኩ። እሁድ እሁድ የከብት ገበያው ኳስ ሜዳ ይሆናል፤ ሁለቱ አምበሎች ተጫዋቾችን ተራ በተራ ይመርጣሉ። አንድ እሁድ አዲስ የመጣ ቀጭን አስተማሪ የሚፈልገው አጥቶ መጨረሻ ላይ ተመረጠ። እኔም እንደ በሬ ገመገምኩት። “ደረት የለው፣ ባት የለው፤ ይሄ ደግሞ ምን ሊሠራ ነው?” አልኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ “ቆይ እስቲ፣ ዓይኑን እይለት” አሉኝ። ከት ብዬ ሳቅሁ።

ጨዋታው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ አስተማሪው መሀል ሜዳ ላይ ቀና ብሎ አየና ኳሷን በሰው ሁሉ አናት ላይ አሻግሮ አጥቂው እግር ስር አስቀመጣት። ጎል! ሜዳው ቀውጢ ሆነ፤ እኔም ጋቢዬን ወርውሬ ዘለልኩ።

በሳምንቱ አምበሉ መጀመሪያ የጠራው እሱን ነው።

“እኔ ብዬ ነበር!” ብዬ ጮህኩ።

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩኝና “ወላሂ፣ ባለፈው እሁድ አጠገቤ የተቀመጠው ታዲያ ማን ነበር?” አሉኝ።