አልረጋ ያለው ወተት

ድርቤ ነቀምቴ ገበያ እርጎ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። አብዮቱ መጥቶ፣ ቀበሌው ተቋቁሞ፣ ስብሰባው በዝቶም እሷ ቅሏን ማጠን አልተወችም። በ1976 ዓ.ም. ክረምት ግን ከሁለቱ ቅሎቿ በአንዱ ያኖረችው ወተት አልረጋ አላት።

"ሰው አይቶብሽ ነው፤ ቡዳ ነው" አለቻት ጎረቤቷ ሸዋጌጥ።

ቅሉን በወይራ ጭስ ሦስት ጊዜ አጠነችው። ወተቱ ቀጥኖ አደረ። ብዙም አልተጨነቀችበት፤ ጭንቀቷ ባሏ ቀነዓ ነበር። ከአራት ወር በፊት ታይፎይድ ሲይዘው በካፕሱል ስለዳነ፣ የታዘዘለት ካለቀ በኋላም ከሱቅ እየገዛች ታውጠው ነበር። አሁን ፊቱ ገርጥቷል፣ አፉ ቆስሏል፣ ተቅማጡም አልቆም ብሏል። ሲብስበት መድኃኒቱ ያነሰው እየመሰላት ትጨምርለታለች።

በመጨረሻ ሆስፒታል ወሰደችው። ደሙን የመረመረው ታፋ የአርጆ ሰው ነው፤ የእናቷ አገር ልጅ።

"አዴ ድርቤ፣ ነጭ የደም ሴሉ በጣም አንሷል። ምን ይወስዳል?"

"ያንኑ ካፕሱል። መዋጥ ስላቃተው ማታ ማታ ወተቱ ውስጥ እበትንለታለሁ፣ አብሮ እንዲረጋ። ከሁለቱ ቅሎቼ የእሱ ተበላሸብኝ መሰለኝ፣ ወተቱ እንቢ አለኝ።"

ታፋ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ሌላው ቅልዎስ?"

"እሱማ ለገበያ ነው፤ ደህና ይረጋል።"

"ቅሉ ምን አጠፋ! ወተት የሚያረጉት በዓይን የማይታዩ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው። ካፕሱሉ ፈጃቸው።"

"ሰው ሆድ ውስጥስ እንደነሱ ያሉ አሉ?"

"አሉ እንጂ። ሆድን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ይሄ መድኃኒት ሲበዛ ደግሞ ደም የሚሠራውን መቅኔ ያደክማል።"

"እኔ ነኛ የገደልኩት!"

"አልሞተም እኮ፣ አዴ! ይነሡ፣ ለሐኪሙ እንንገረው።"

ሐኪሙ ካፕሱሉን አስቁሞ ቀነዓን አስተኛው። "መቅኔ ከሰው ወስዶ ለበሽተኛ መስጠት በውጭ አገር ነው ያለው" አላት ሳይደብቅ። "እዚህ፣ የራሱ እስኪነሣ መጠበቅ ነው።" ደሙ እስኪያገግምም ጥሬ ወተትና እርጎ ከለከለው።

ቅሉ ቀድሞ ዳነ፤ አጥባው ከደህናው ቅል እርጎ ብትጨምርበት በአራተኛው ቀን ረጋ። ቀነዓን ግን ሰባት ሳምንት ጠበቀችው። በሰባተኛው ታፋ ነጭ የደም ሴሉን ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ፤ ቁጥሩ ተመልሷል። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ሮጠ።

በማግስቱ ድርቤ ሐኪሙ ፈቅዶላት እርጎ ይዛ መጣች። ቀነዓ ኩባያውን ተቀብሎ አየው።

"ከየትኛው ቅል ነው?"

"ከየትኛውም ይሁን። ካፕሱል የለበትም፤ ጠጣ።"