በሬው የሞተበት ዘፋኝ

ባለፈው ሳምንት ጂንካ ውስጥ የተሳፈርኩበት ባጃጅ አንድ የድሮ የጃማይካ ሙዚቃ ከፍቶ ነበር። የሙዚቃው ወፍራም ምት ወንበሩን ሲያንቀጠቅጠው በደርግ ጊዜ ቀይ አፈር ከተማ ወደነበረው የአባቴ ሻይ ቤት በሐሳብ ይዞኝ ሄደ።

የገበያ ቀን ነበር። ከሞያሌ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ያመጣውን የጃማይካ ካሴት በቴፓችን ከፈተ። አንዱ ዘፋኝ ጨርሶ ሌላው ቢገባም ሙዚቃው ያው ነው፤ ሦስተኛውም በዚያው ላይ ዘፈነ። አባቴ ተበሳጨ።

«ካሴትህ ተበላሽቷል፤ ያንኑ ነው የሚደጋግመው። አውጣልኝ!»

ማር ሊሸጡ የመጡት የበና ሽማግሌ አባባ ጋሎ ከበርጩማቸው ሳይነሱ እጃቸውን ዘረጉ።

«ተወው፣ ደህና ነው። እኛም ስንጨፍር ጭብጨባው የሁሉም ነው። አንዱ መሀል ገብቶ በሬውን ያወድሳል፤ እሱ ሲወጣ ሌላው ስለ ራሱ በሬ ይዘፍናል። ጭብጨባው አይቆምም።»

አባቴ ቴፑን ተወው። አራተኛው ዘፋኝ ድምፁ ሻካራ ነበር። አባባ ጋሎ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡና አንገታቸውን ደፉ።

«የዚህኛው በሬ ሞቷል» አሉ።

ሾፌሩ ሊስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሲያይ ተወው። ቋንቋውን እሱም አያውቀውም። እኔ የበሬው መልክ ምን እንደነበር ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ ማን ያስገባኛል?

ባጃጁ ውስጥ ያ ሻካራ ድምፅ መጣ።

«ምን እያለ ነው?» አልኩት ሾፌሩን።

«እኔ እንጃ እናቴ፣ ስለ ፍቅር ይሆናላ።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር። ዘፋኙ ሳይጨርስ ግን «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።