ከላሞች ኋላ ተሰልፎ የተረፈው ሞተር

ዛሬ ጠዋት አንድ ሹፌር በፈላ ሞተሩ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጨምር የሞተሩ ራስ ተሰነጠቀ።

እኔን ከዚህ ጥፋት ያዳነኝ የላሞች ተራ ነው።

በንጉሡ ዘመን መምህር ሳለሁ የማግሥቱን የፈተና ወረቀት ይዤ ከነገሌ ወደ ሞያሌ ስወርድ መኪናዬ ፈላች። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ሺህ አንድ መቶ ሲሲ፣ ቤንዚን ቆጣቢና ታማኝ ነበር፤ የቆላውን ሙቀት ግን አልቻለም።

ጀሪካን ይዤ በመንገዱ አጠገብ ወዳለው የውሃ ጉድጓድ አመራሁ።

«አካም፣ ልጄ! ናጋ?» ብለው በኦሮምኛ ደኅንነቴን ጠየቁኝ፣ በጉድጓዱ ተራ የሚያስከብሩት የቦረና ሽማግሌ። «ከላሞቹ ኋላ ቁም።»

«አባባ፣ የመንግሥት ሥራ ይዣለሁ፤ ይፍቀዱልኝ።»

«መንግሥት ትናንትም ጠጥቷል። እነዚህ ላሞች ግን ከጠጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።»

እየተቆጣሁ ተሰለፍሁ። ተራዬ ሲደርስ ሞተሩ ቀዝቅዞ ስለ ነበር ውሃውን በደኅና ተቀበለ፤ ፈተናውም በሰዓቱ ደረሰ።

ያ ሞተር ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አገለገለኝ። ሰዎች «አያያዝዎ ነው» ሲሉኝ ምስጋናውን ስቀበል ኖሬአለሁ። ምስጋናው የሽማግሌው ነበር።

እናንተስ፣ እየተቆጣችሁ የቆማችሁበት ሰልፍ ያተረፈላችሁ ነገር የለም?