በሟች እጮኛ የቀናሁ ዕለት

ይኸውላችሁ፣ በሙት ሰው ቀንቼ አውቃለሁ። አትሳቁ! ያሳደግኳት የእህቴ ልጅ ሰናይት የግጥም መጽሐፍ አሳትማ ፒያሳ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተመረቀላት። እኔ የማነበው ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ ስለሆነ፣ ግጥሞቿን የሰማሁት እዚያው ስታነባቸው ነው። ሁሉም ስለ ሟች እጮኛዋ! መንፈሱ ቸርችል ጎዳናን ሲወርድ፣ መንፈሱ ትራሷ ሥር ሲያንሾካሹክ፣ መንፈሱ ከዝናብ ጋር ሲመጣ። ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወት ሳለ የማኪያቶውን እንኳ የምትከፍልለት እሷ ነበረች!

በእረፍቱ ሰዓት ክንዷን ያዝኩና፣ «አንቺ! የሽንት ጨርቅሽን ያጠብኩት እኔ፣ ግጥሙ ለሱ?» አልኳት።

«እትዬ ደግሞ! አንቺም አለሽበት እኮ። የመጨረሻው ያንቺ ነው» ብላ ሳመችኝ።

ደረቴን ነፍቼ ጠበቅኩ። «አክስቴ» ብላ ጀመረች። ለካስ ግጥሙ ውስጥ እኔንም ገድላኛለች! ጊዮርጊስ ደጃፍ ሲመሻሽ ከሰማይ እየወረድኩ ነጠላዋን አስተካክልላታለሁ። «ኧረ አለሁ!» ልል ብድግ ስል አዳራሹ ሙሉ ይነፋረቃል። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ለሱ እንዲህ አልተለቀሰም። ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

አጠገቤ የነበረችው ሴት ሶፍት እያቀበለችኝ፣ «እንዴት ያሉ ደግ ሴት ነበሩ እባክዎ! ነፍሳቸውን ይማር» አለችኝ።

«አሜን» አልኩና ከሁሉም አብልጬ አለቀስኩ።