የአንካራፋቢ ጺዲ የማን ናት?

ዛራሱዋ ለምርምር ሰዎች መሥራት የጀመረችው በሙዝ ምክንያት ነው። ከባሏ ተለያይታ ወደ ትውልድ መንደሯ ወደ አንካራፋቢ ስትመለስ፣ ከወንዙ ዳር በእናቷ ቦታ ላይ ሙዝ ተከለች። ጫካው አጠገብ ድንኳን የተከሉት እንግዶች ደግሞ ለወጥመዳቸው የበሰለ ሙዝ ይፈልጉ ነበር። በዚያ ወቅት የደረሰ ሙዝ ያላት እሷ ብቻ ነበረች። መጀመሪያ ሙዙን አቀበለቻቸው፤ ቀጥሎ እየቆራረጠች ወጥመዱ ውስጥ ታስገባላቸው ጀመር፤ በኋላ ጠዋት ጠዋት ወጥመዶቹን የምትሰበስበው እሷ ሆነች።

ወጥመዱ የሚይዘው ጺዲን ነው። ጺዲ ሌሙር ከሚባሉት፣ ከጦጣ የሩቅ ዘመዶች ወገን ሁሉ ትንሿ ናት። አይጥ ታህላለች፤ ፊቷን የሞላው ዐይኗ ነው። ቀን በዛፍ ጉድጓድ ተኝታ ትውልና ሲመሽ ወጥታ ጥንዚዛ ትለቅማለች፣ የዛፍ ሙጫ ትልሳለች። በብርዱ ወራት ጠዋት ላይ ገላዋ ቀዝቅዞ፣ ደርቃ ትገኛለች። ዛራሱዋ የመጀመሪያዋን እንዲህ ሆና ስታገኛት "ይቺስ ሞታለች" ብላ ልትወረውራት ነበር።

"ኧረ እንዳትጥያት፣ እትዬ!" አለቻት ቩሂራና፣ ከዋናው ከተማ የመጣችው ተማሪ። "በነጠላሽ ሸፍነሽ ያዣት። ሲሞቃት ትነሣለች።"

ጺዲዋ ሞቃት፣ ተነሣች፣ የዛራሱዋንም ጣት ነከሰች።

"ሴት ናት" አለች ቩሂራና እየሳቀች። "በነሱ ቤት አዛዧ ሴቷ ናት። ወንዱ እሷ በልታ እስክትጠግብ ዳር ቆሞ ይጠብቃል።"

"ይሄንን ለቀድሞ ባሌ ማን በነገረልኝ" አለች ዛራሱዋ፣ ጣቷን እየመጠጠች።

በጫካው ላይ የሚያዝዙት የእናቷ ወንድም፣ ሽማግሌው ጃውቱምቡ ነበሩ። የእናትን ወንድም በዚያ አገር "ዛማ" ብለው ይጠሩታል፤ ቃሉም ከአባት ቃል አያንስም። ከጫካው በላይ ባለው ገደል ዋሻ ውስጥ የአባቶች አፅም ስላለ፣ ዛማ መጀመሪያ እንግዶቹን አላስገባም ብለው ነበር። ለአባቶች አረቄ ፈሰሰ፤ ቃል ተነገረ፤ ከዚያ በኋላ ገቡ። ዛማ ሥራቸውን ከሩቅ ይመለከቱ ነበር። ጺዲ ይዘው፣ መዝነው፣ ከጆሮዋ ጫፍ እንደ ሩዝ ፍሬ የምታህል ቆርጠው መልቀቃቸውን ሲያዩ፣ "ለዚች ቁራሽ ነው ባሕር ተሻግረው የመጡት?" አሉ።

ለዚያች ቁራሽ ነበር። በፊት የምርምር ሰዎች ጺዲን ቀይና ግራጫ ብለው ለሁለት ከፍለው ያልፉ ነበር። ኋላ ግን በመልክ የማይለዩት፣ በድምፃቸውና በደማቸው ውስጥ በተጻፈው ዘር ሲታዩ ብዙ ዓይነት ሆነው ተገኙ። ትልልቅ ወንዞች ስለሚያግዷቸው ከወንዝ ወዲህና ወዲያ ያሉት አይገናኙም፤ ባለመገናኘትም ብዛት ይለያያሉ። ከዓመት በኋላ የአንካራፋቢ ጺዲ ከመንደሩ ወንዝ ከቤራኑ ማዶ ካለችው የተለየች አዲስ ዝርያ ናት ተባለ። ስሟም በመንደሩ ስም ተሰየመ።

ዛማ ጃውቱምቡን ከዚያ በኋላ የቻላቸው አልነበረም። የእግር ኳሱ ቡድን "ጺዲ" ተባለ። በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሥዕሏን እንድሥል የታዘዝኩት መምህሩ እኔ ነኝ፤ ድመት ብትመስልም የተቃወመኝ የለም። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ ዛማ መንደሩን ሰብስበው፣ ጫካውን መንጥሮ ሩዝ መዝራት ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው አሉ። "በዓለም ላይ ያለችው እኛ ዘንድ ብቻ ናት። ቤቷን አቃጥለን ስሟን ተሸክመን ልንዞር ነው?" አሉ። ሰው አጉረመረመ፤ ግን ተቀበለ።

ከማዶ፣ ከማሩቫቱ መንደር፣ ቡቱቫው የሚባል ሰው ነበር። የሱ ጎሣና የአንካራፋቢ ሰዎች የስድብ ዘመዳሞች ናቸው። ከአያቶቻቸው ዘመን ጀምሮ እንደልባቸው ይሰዳደባሉ፤ አንዱ ከሌላው የወደደውን ይጠይቃል፤ የተጠየቀ አይከለክልም፤ የተሰደበም አይቆጣም። መቆጣት ነውር ብቻ ሳይሆን መዓት ያመጣል ይባላል። እኔ ከሁለቱም ወገን ስላልሆንኩ መሳደብ አይፈቀድልኝም፤ መሳቅ ግን ይፈቀድልኛል። ቡቱቫው በታንኳ በተሻገረ ቁጥር ዛማ ከደጃቸው ሆነው ይጠብቁታል።

"አንተ ስም የለሽ! ጺዲህ እንደምን አደረች? በመንደርህ ስም ሰየሟት ወይስ ገና ናት?"

"የኔይቱ ስም አያስፈልጋትም፤ ስትጠራ አትመጣም፣ እንደ ሚስትህ።"

ብዙ ዓመት እንዲህ አለፈ። ዛራሱዋ በየብርዱ ወር ከሚመጡት የምርምር ሰዎች ጋር ትሠራለች፣ በሌላው ጊዜ ራፊያ ከሚባለው የዘንባባ ቅጠል ምንጣፍ ትሠራለች። እህትማማች ጺዲዎች ባንድ ጉድጓድ ተኝተው አንዷ የሌላዋን ልጅ ስታጠባ አይታለች። አላገባችም፤ የሟች እህቷን ልጅ ማናንጃራን አሳድጋ ለትዳር አበቃች።

ዛማ ጃውቱምቡ አልጋ ላይ በዋሉበት ዓመት ቩሂራና ተመልሳ መጣች። ያኔ ተማሪ የነበረችው አሁን ራሷ ተማሪ ይዛ ነው የመጣችው። ዛራሱዋን ከድንኳኑ ጥላ ሥር አስቀመጠቻት።

"እትዬ፣ ደስ የማይል ነገር ይዣለሁ። የአንካራፋቢ ጺዲ ለብቻዋ ዝርያ አይደለችም። ከማዶዋ ጋር አንድ ናት።"

"ያኔ ሁለት ናት ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም?"

"እኛ ነን። ያኔ የያዝነው እዚህና እዚያ ማዶ ብቻ ነበር። አሁን ሽቅብ፣ ከወንዙ ምንጭ አካባቢ ያዝን። እዚያ ወንዙ ይጠባል፤ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ይነካካል። ይሻገራሉ፣ ይዋለዳሉ። መሃል ላይ የሚገኙት የሁለቱም ልጆች ናቸው። ሁለቱን ዳርና ዳር ብቻ ስላየን ነው የተለያዩ የመሰሉን።"

"ስሟስ?"

"ቀድሞ የወጣው ስም ነው የሚጸናው። እሱ ደግሞ የማዶዋ ነው።"

 "ዛማን ማን ይንገራቸው?" አለች ዛራሱዋ። ቩሂራና አቀረቀረች። ስለዚህ ዛራሱዋ ራሷ ነገረቻቸው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዛማ በሩ ላይ በተዘረጋ ምንጣፍ ጋደም ብለዋል።

"ዛማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።"

"ከመሞቴ ሌላ አዲስ ነገር ካለ ንገሪኝ።"

ነገረቻቸው። ሽማግሌው አዳምጠው ሲጨርሱ "ስለዚህ ተጋብተዋል" አሉ።

"አዎ። ከላይ በኩል።"

"የመንደራችን እኩሌታ ሚስቱን ያመጣው ከማዶ አይደለም እንዴ? ምን ይገርማል!" ትንሽ ሳቁ፤ ሳል አቋረጣቸው። "ለቡቱቫው ግን እንዳትነግሪው። ቢያንስ እስክቀበር።"

ዛራሱዋ አልነገረችም። ቡቱቫው ግን ሰምቷል፤ ከተማ የምትማር ልጅ ነበረችው።

ዛማ ሞቱ። ሬሳቸውን ወደ ዋሻው ስናወጣ ከመንገዱ መሃል ሰው ተጋድሞ አገኘን። ቡቱቫው ነው፤ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ።

"አላሳልፍም!" አለ ሳይነሣ። "ይሄ ሰውዬ ሌባ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በኔ ጺዲ ሲኮራብኝ ኖረ። የሰው ዕቃ ይዞ መቃብር አይገባም!"

ነገሩን ያልሰሙት "ምን ይላል?" እየተባባሉ ተያዩ። ቡቱቫው ቁጭ ብሎ ለሁሉም አወራላቸው። የማሩቫቱ ሰዎች እየጮኹ ሳቁ። የአንካራፋቢዎቹ ሬሳ ተሸክመው ምን ያድርጉ? የቀብር ቀን የስድብ ዘመድ ቀን ነው። ዛራሱዋ ከሴቶቹ መሃል ወጣች።

"ተነሥ፣ አንተ ዓይነ ደረቅ! ያንተ ከሆነች እስቲ ከመንደርህ አንዲት ይዘህ ና። ጫካችሁን አቃጥላችሁ በላችሁት፤ የት ልትተኛ ነው? ጆሮህ ውስጥ?"

"ለዚህ ነዋ አንቺ ዘንድ ያስቀመጥኳት! አንቺ ጠባቂ ነሽ፣ ባለቤቱ እኔ። ደግሞ አንቺና ጺዲዋ ተግባብታችኋል አሉ፤ ሁለታችሁም ባል ትነክሳላችሁ።"

"ካንተ ዓይነቱ ባል ሲሆን ምን ይደረግ! በል የምትፈልገውን ተናገር፤ ሬሳው ፀሐይ ላይ ነው።"

እንዲህ ባለ ቀን የሚጠየቀው ዶሮ ነው፣ ኮፍያ ነው፣ አረቄ ነው። ቡቱቫው ወደ ገደሉ ቀና ብሎ አየና "የጫካውን እኩሌታ" አለ።

ሳቁ ቆመ። የዛማ ቦታ የሚተላለፈው ለማናንጃራ ነው። አፉን ሊከፍት ሲል ዛራሱዋ ቀደመችው፦

"ውሰድ። እኩሌታው ያንተ ነው። አሁን ተነሥ።"

ቡቱቫው ልብሱን አራግፎ ተነሣ፣ ከሬሳው ተሸካሚዎች አንዱን ተክቶ ትከሻውን ሰጠ፣ እስከ ዋሻው ድረስ እያለቀሰ ሄደ።

ማናንጃራ በዛራሱዋ ተቆጥቶ ነበር፤ ያለ ምክንያትም አልነበረም። የታችኛውን የሩዝ እርሻውን ጎርፍ አሸዋ አልብሶበታል፤ ልጆቹ እያደጉ ነው። ዛራሱዋን "አክስቴ፣ ጺዲዋ የኛ ብቻ ናት ተብለን ነው ጫካውን የተውነው። አሁን የኛ ብቻ አይደለችም። ታዲያ ምን ቀረ?" አላት።  በደረቁ ወራት አንድ ጠዋት መጥረቢያውን ይዞ ወጣ።

መጀመሪያ የቆረጠው ዛፍ ውስጡ ክፍት ነበር። ሲወድቅ ተሰነጠቀና ሦስት ጅራተ ወፍራሞች ተንከባለው ወጡ። እነዚህ የጺዲ የሩቅ ዘመዶች ናቸው፤ በዝናቡ ወራት በልተው ስቡን ጅራታቸው ላይ ያከማቹና ደረቁን ወራት በሙሉ ጅራታቸውን እየበሉ ይተኛሉ። ሦስቱም ከነጥቅልላቸው መሬት ላይ ቀሩ፤ አንዱም አልነቃም። ማናንጃራ መጥረቢያውን ተደግፎ አያቸው። ተከትላው የመጣችው ዛራሱዋ አንድ በአንድ አንሥታ፣ ሌላ ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ አስገብታ፣ አፉን በቅጠል ደፈነች።

ማናንጃራ ወደ ሁለተኛው ዛፍ ሲዞር ቡቱቫው ከሥሩ ተቀምጦ ሸንኮራ ያኝካል።

"ይሄኛው በኔ እኩሌታ ውስጥ ነው።"

"እኩሌታህ የት እንደሆነ ማን ከለለልህ?"

"ጺዲ ያለችበት ሁሉ።"

"ቡቱቫው፣ ቀልዱ ይብቃ።"

"ባንተና በኔ መካከል ቀልድ የሚበቃበትን ቀን አያቴ አልነገረኝም። አንተን ነግረውህ ከሆነ ንገረኝ።"

ማናንጃራ ሊቆጣ አይችልም። ወደ ሦስተኛው ዛፍ ሄደ፤ ቡቱቫውም ሸንኮራውን ይዞ እዚያው ሄዶ ተቀመጠ። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ ሆነ። ሽማግሌው እግሩ እያነከሰ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ከጎልማሳው ቀድሞ ይደርሳል። መንደሩ ሥራ እየፈታ ሊያይ መጣ።

በመጨረሻ ማናንጃራ መጥረቢያውን ጣለና ከፊቱ ተቀመጠ።

"እሺ። እኔም እንግዲህ ዘመድህ ነኝ። እኔስ መጠየቅ እችላለሁ?"

"ጠይቅ፣ ማን ከለከለህ!"

"የሩዝ እርሻህን እኩሌታ።"

የሰዉ ሳቅ ከገደሉ ተመልሶ ተሰማ። የማሩቫቱ ሰዎች ራሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቡቱቫው የሚያኝከውን ሸንኮራ ተፋው። ፊቱ ላይ ምን እንዳለ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። "የአያትህ ወንድም ነው ከመቃብር ሆኖ የመከረህ" አለ።

በልማዱ መሠረት እንቢ ማለት አይችልም። እኩሌታ የሚለው ቃል ግን ሁለቱም ወገን ላይ ለመለካት የሚያስቸግር ነው። ከብዙ ስድብ በኋላ ቡቱቫው ረግረጋማውን ጥግ፣ ሁለት መደብ፣ ሰጠው። ሌላ ሰው ያልፈለገው ቦታ ነበር፤ ውሃ ግን አይጎድልበትም።

የመጀመሪያው ዓመት ምርት ትንሽ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ማናንጃራን ከነልጆቹ አሳደረው። ያረሰውን ቡቱቫው በየቀኑ እየመጣ ይሰድብለታል። ጫካው አለ። የማሩቫቱ ሰዎች አሁን ማገዶ ለመልቀም ዛራሱዋን ያስፈቅዳሉ፣ የአንካራፋቢ ሰዎች ደግሞ ማር ለመቁረጥ ቡቱቫውን ያስፈቅዳሉ፤ በዚህም የተነሣ ሁለቱም ብዙ አይገቡም።

ቡቱቫው እኩሌታውን የጠየቀው ሊያሾፍ ነው ወይስ አስቦበት፣ ዛራሱዋ አንድ ቀን ታንኳው ላይ ጠይቃው ነበር። "አንቺስ ስትሰጪኝ?" አላት። 

ዛራሱዋ ጉልበቷ ስለደከመ ወጥመዱን ለትልቋ የማናንጃራ ልጅ ለቀቀችላት። እሷ ጠዋት ጠዋት ደጇ ላይ ምንጣፏን ዘርግታ ራፊያ ትፈትላለች፤ ልጅቷ ከጫካ ስትመለስ ቀና ብላ ታያታለች፤ "ዛሬስ ስንቴ ተነከስሽ?" ብላ ትጠይቃታለች።