ጎርፍ የማይበግረው መኪና

ዓለምነህ በወረታ ከተማ መገንጠያ ላይ አዲሱን መኪና አቁሞ በድምፅ ማጉያ ሲያስተዋውቅ፣ ዓይኑ የሚፈልገው የሩዝ ነጋዴዎችን ነበር። እግራቸው ጭቃ የለበሰ፣ ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌን ገዢ ብሎ አልቆጠራቸውም። እሳቸው ግን መኪናው ላይ የተለጠፈውን፣ ውኃ ሰንጥቆ የሚያልፍ መኪና ፎቶ ሲያዩ ቆይተው ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ እውነት በክረምት እኛ ቀበሌ፣ ቁሐር ሚካኤል ድረስ ይገባል?»

«ምን ችግር አለ አባቴ! ጎርፍ አይበግረውም» አለ እንደለመደው።

«ከኋላስ ሰው ያስተኛል?»

«ሦስት ሰው ያስቀምጣል።»

«የለም፣ የታመመ ሰው ማለቴ ነው።»

ዓለምነህ ማጉያውን አጥፍቶ የኋላውን በር ከፈተላቸው። ሽማግሌው እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ወንበሩን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት።

«አምና ክረምት ቢኖር ለባለቤቴ ይበቃት ነበር» አሉ ቀስ ብለው፤ በሩንም ራሳቸው ዘጉት።